ፊደሉን ያዜማሉ፣ ቃሉን ግን አይሰሙትም

የምክር ዓምድ

«ይድረስ ለእትዬ፤ ጤና ይስጥልኝ። እኔ መንዝ ውስጥ ከከተማ ወጣ ያለ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። የፊደል ገበታውን ከዳር እስከ ዳር በዜማ ይወጡታል። ሰሌዳ ላይ ‹በሬ› ብዬ ስጽፍ ግን ጸጥ ይላሉ። አንዱ ልጅ በተለይ አንጀቴን ይበላዋል። ‹ቤ›ን ነጥዬ ሳሳየው ዝም ይልና ወደ ገበታው ሄዶ ከ‹ሀ› ጀምሮ እያዜመ ይመጣል። እዚያ ሲደርስ ‹ቤ!› ይለኛል። ሥልጠና ላይ ስለ ንቃተ ድምፅ ነግረውናል። ቃል መነጠል፣ ማጣመር፣ በጭብጨባ መቁጠር የሚባል ነገር ነው። ሞከርኩት። ‹አልማዝ› ብዬ ሳስጨበጭብ ግማሹ ሁለቴ፣ ግማሹ አራቴ አጨበጨበ። እኔም የቱ ልክ እንደሆነ ግራ ገባኝ። ወላጆች ደግሞ ‹ፊደል አስቆጥሪልን፤ ጨዋታውን እቤታቸው ይጫወቱታል› ይሉኛል። መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ አትተዪው። ቀጥዪ። ግን አካሄዱን ትንሽ እናስተካክለው።

ከዚያ ልጅ ልጀምር። «በ» በገበታው ላይ 10ኛዋ ረድፍ ናት። «ቤ» ደግሞ በረድፏ 5ኛ። ስለዚህ ልጁ «ቤ» ላይ ለመድረስ 67 ፊደል ያልፋል። 67ቱንም ሳይሳሳት ይላል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ከብዙዎቻችን የተሻለ ማስታወስ አለው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። «ቤ» ለሱ በዜማው ውስጥ ያለች አንዲት ቦታ ናት። እናቱ «ቤት ግባ» ስትለው አፏ ላይ የምትሰማው ያችው «ቤ» መሆኗን ማንም አላሳየውም።

ይህ ችግር አዲስ እንዳይመስልሽ። የቀደሙት የኔታዎች አሳምረው ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን ሲጨርስ ለምን አቡጊዳ ይሰጡት ነበር? አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ረድፉን ይሰብሩበታል። ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ፣ ማለትም ከረድፉ አንደኛ ፊደል ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያሉ በሰያፍ ያስኬዱታል። በዜማ ተሸፋፍኖ ያለፈ ልጅ እዚያ ይያዛል። ከዚያም በኋላ ወደ ቁጥር ንባብ ነው የሚገባው። የቃሉን ፊደል አንድ በአንድ በስንደዶ እየነካ ይቆጥራል፣ ቀስ በቀስ እያያያዘ ይሄዳል። እንግዲህ ነጥሎ ማጣመር ማለት ይኸው ነው። ወላጆች ሲመጡ ይህን ንገሪያቸው። በየኔታ እጅ ያለፈ አባት አንድም ቢሆን አይጠፋም። «አቡጊዳ ለምን ነበር የምትሉት?» ብለሽ ጠይቂው። ከሥልጠና ወረቀቱ ይልቅ የሱ መልስ ያግዝሻል።

አሁን ንቃተ ድምፅ ወደሚሉት ነገር ልምጣ። ቃሉ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ የጆሮ ነገር ነው። አንድ ልጅ ቃል ሲሰማ የሚሰማው ትርጉሙን ነው። ድምፁን አይሰማም። እንዲህ አድርጊና እይው። ነገ ጠዋት «‹እባብ› እና ‹ቢራቢሮ›፣ ሲጠሩ የቱ ቃል ይረዝማል?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ «እባብ!» ይሉሻል። እባብ ረጅም ነዋ። ልጆቹ ያሰቡት ስለ እንስሳው ነው፤ ቃሉን አልሰሙትም። «ቢ፣ ራ፣ ቢ፣ ሮ» ብለው አፋቸው ውስጥ የሚሆነውን ሲቆጥሩ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ቃል ራሱ የሚሰነጠቅ ነገር መሆኑ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ይህ ያልገባው ልጅ ፊደሉን ሁሉ ቢሸመድድም ፊደሉ የምን ምልክት እንደሆነ አያውቅም።

ነገሩ ተፈትኗልም። በ1988 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ ዴንማርክ ውስጥ ቦርንሆልም በምትባል ደሴት ገና ማንበብ ያልጀመሩ የስድስት ዓመት ልጆችን ለስምንት ወር ያህል በየቀኑ የድምፅ ጨዋታ አጫወቷቸው። ፊደል አላስተማሯቸውም። በኋላ ትምህርት ቤት ሲገቡ ካልተጫወቱት ልጆች ይልቅ በንባብም በጽሕፈትም የተሻሉ ሆኑ። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የድምፅ ጨዋታው ከፊደል ጋር ሲያያዝ የበለጠ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰዓት አያስፈልገውም። በድምሩ ከ5 እስከ 18 ሰዓት የተሰጠው የተሻለ ውጤት አሳይቷል። አንቺ በቀን 10 ደቂቃ ብትይዢለት በ18 ሳምንት 15 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ፊደል ማስቆጠሩን አንሺ ያለሽ የለም። ዜማውን ሦስት ደቂቃ ተዪለት፤ ልጆቹም ይወዱታል። ከዚያ 10 ደቂቃ ለጆሮ ስጪው።

ነገር ግን እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በሌላ ፊደል ለሚጽፉ ልጆች ነው። የእነሱ ፊደል አናባቢውን ለብቻ ይጽፋል። የእኛው አናባቢውን በጉያው ይዞ ነው የሚወለደው። «በሬ» ለኛ ሁለት ፊደል ነው። ሥልጠና ላይ «በሬ አራት ድምፅ አለው፣ አራቱንም አስነጥሉ» ብለውሽ ከሆነ ለጊዜው አቆዪው። ሐሰት ሆኖ አይደለም። ለስድስትና ለሰባት ዓመት የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ መግቢያው በር እሱ ስላልሆነ ነው። መግቢያው «በ» እና «ሬ» ነው።

እንግዲህ ወደ ጭብጨባሽ። «አልማዝ» ሲባል ሁለቴ ያጨበጨቡትም አራቴ ያጨበጨቡትም ልክ ናቸው! ሁለቴ ያጨበጨበው በጆሮው የሰማውን ነው የነገረሽ። «አል» አንድ፣ «ማዝ» ሁለት። አራቴ ያጨበጨበው ፊደሉን ነው የቆጠረው። አ፣ ል፣ ማ፣ ዝ። የአማርኛ ትልቁ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው። ቋጠሮውን የምታመጣው ሳድስ፣ የረድፉ ስድስተኛ ፊደል ናት። «ል» እና «ዝ» ባይኖሩ ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች አይለያዩም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳድስ በሌለባቸው ቃላት ጀምሪ። ጆሮም ፊደልም እኩል የሚቆጥሯቸው ናቸው። በሬ፣ ዶሮ፣ ቡና፣ ጎጆ፣ በሶ፣ ጋቢ፣ ጫማ፣ ጓሮ። ሦስት ሲፈልጉ ገበሬ፣ በቆሎ። ያገራችን ስሞችም አሉልሽ። ሞላሌ፣ አጣዬ፣ ደነባ። ልጁ አክስቱ ያለችበትን ከተማ «አ፣ ጣ፣ ዬ» ብሎ ሲያጨበጭብ ደስ ይለዋል። የመንዝ ጠዋት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ጣት ይቆረጥማል። እጃቸው እስኪሞቅ ማጨብጨቡ በራሱ ጥቅም ነው።

ጭብጨባው ሲገባቸው ቆርኪ አምጪ። ቆርኪ ከጠፋ ባቄላ ወይም ጠጠር። «ዶሮ» ስትይ ልጁ ሁለት ቆርኪ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የመጀመሪያውን ይነካል፣ «ዶ»። ሁለተኛውን ይነካል፣ «ሮ»። ከዚያ ጣቱን በሁለቱ ላይ ሳብ ያደርጋል፣ «ዶሮ»። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከቆርኪዎቹ በታች መሬቱ ላይ ፊደሉን በጠመኔ ጻፊለት። ቆርኪውን ሲያነሳ ፊደሉ ይቀራል። እዚህች ደቂቃ ላይ አትቸኩዪ። ልጁ ዝም ብሎ ያያታል። እስካሁን በጣቱ ሲነካው የነበረው ድምፅ ስም እንዳለው የሚገባው ያኔ ነው።

ይህን ሁለትና ሦስት ሳምንት ሥሪ። ከዚያ ወደ ሳድስ።

ሳድስ ሁለት ጠባይ አላት። አንዳንዴ ድምፅ አላት፣ አንዳንዴ የላትም። «ልብስ» የሚለውን ተመልከቺ። ሦስቱም ሳድስ ናቸው። «ል» ድምፅ አላት። «ብ» እና «ስ» ግን ከኋላዋ ተጣብቀው ነው የሚሄዱት። አንድ ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል። ገበታው ላይ ግን ሁሉንም ሳድስ ጮክ አድርገን፣ «ብእ»፣ «ስእ» እያልን ነው የምናስቆጥረው። ልጁም እንደዚያው ይዞት ይመጣል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአንዲት ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ በምትገኝ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ሳስተምር ነበር። «ቤት» የሚለውን ጻፍኩላት። «ቤ» አለች። ከዚያ «ትእ» አለች። «አንድ ላይ በይው» አልኳት። «ቤትእ» አለችኝ። ደጋግማ ሞከረች። ያው ነው። በመጨረሻ ቀና ብላ «እትዬ፣ ትእ ምንድን ነው?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። እውነትም «ትእ» የሚባል ነገር በቤቷም በሰፈሯም የለም። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

በማግስቱ ቀየርኩት። «ቤ»ን ረዘም አድርጌ ያዝኩት። «ት» ላይ ስደርስ ምላሴን ከጥርሴ ጀርባ አስነክቼ ዝም አልኩ። ድምፅ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። እሷም አፌን አየችና እንደዚያው አደረገች። «ቤ—ት»። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብላ «ቤት? ቤታችን?» አለች። ዛሬም ድረስ አልረሳትም።

ስለዚህ ለሳድስ መጀመሪያ እንዲህ ያሉትን ያዢ። ቤት፣ በግ፣ ላም፣ ጤፍ፣ ሰው። ሁሉም አንድ ጭብጨባ፣ ሁለት ፊደል። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት አቁሚ። አንዱ «በ» የተጻፈበት ካርቶን ይያዝ፣ ሌላው «ግ»። ተራርቀው ይቁሙ። «በ» ያለው ድምፁን ሳያቋርጥ ይሳበው። «ግ» ያለው ዝም ብሎ ይቅረብ። ትከሻቸው ሲነካካ ብቻ «ግ» ይበል። ክፍሉ በሙሉ «በግ!» ይላል። የበግ አገር ልጆች ናቸው፣ ቃሉን እስኪያገኙት አይቆዩም። ሳድሷ ራሷን ችላ እንደማትቆም፣ በጎረቤቷ ላይ እንደምትደገፍ በዓይናቸው ያዩታል። ይህ ሲያልቅ «አንኮበር» ስጪያቸው። በጭብጨባ ሦስት፣ በፊደል አምስት። አን፣ ኮ፣ በር። ለምን እንደተለያየ ራሳቸው ያስረዱሽ። ማስረዳት ከቻሉ፣ እመኚኝ፣ ዓመቱ ተሳክቶልሻል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ውስጥ መግባት የሚቻለው። አናባቢውን ከተነባቢው መለየት ማለቴ ነው። ይህንም ፊደሉ ራሱ ያግዝሻል። ረድፉ አንድ ቤተሰብ ነው። በሬ፣ ቡና፣ ቤት፣ ባቄላ፣ ቦይ። «እነዚህን ስትሉ ከንፈራችሁ ምን ይሆናል?» በይ። ይገጥማል። ሁሉም ላይ ይገጥማል። ከዚያ «ዶሮ» በያቸው። አይገጥምም። ልጁ ማንም ሳይነግረው የ«በ» ቤተሰብ የሚጋራውን አንዱን ድምፅ አገኘው ማለት ነው። ወደ ጎን ደግሞ ሂጂ። አራት ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፊ። በላ፣ ባላ፣ ቢላ፣ ብላ። «ላ» አልተነካም። መልኳን የቀየረችው የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት። አንዱ በልቷል፣ አንዱ ቤት የሚደግፍ እንጨት ነው፣ አንዱ ሥጋ ይቆርጣል፣ አንዱ ትእዛዝ ነው። ልጆቹ ትርጉሙን እየተናገሩ ድምፁን እየቀያየሩ እንዲሉት አድርጊ። የፊደል ገበታው ለምን ሰባት ሰባት ሆኖ እንደተደረደረ ያኔ ይገባቸዋል። ስንት ዓመት ያዜሙት ነገር ሥርዓት እንዳለው ያውቃሉ።

የሚቀራረቡ ድምፆችንም አትዝለያቸው። «መታ» እና «መጣ»። «ከዳ» እና «ቀዳ»። ልጆች ሲናገሩ አይሳሳቱም፣ ሲጽፉ ግን ይደባልቃሉ። አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ አንዱን በይ። «መጣ» ከሆነ ይነሱ፣ «መታ» ከሆነ ይቀመጡ። አፍሽን መሸፈንሽ ጆሯቸውን ብቻ እንዲያምኑ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የኛ አገር ልጅ «ጣይ ወጣች» ይላል። «ጠጉር»፣ «ጠሎት» ይላል። መጽሐፉ «ፀሐይ»፣ «ፀጉር»፣ «ጸሎት» ይላል። ልጁ በ«ጠ» ቢጽፈው ጆሮው አልተሳሳተም። በቤቱ የሚሰማውን በትክክል ነው የጻፈው። «ጎበዝ፣ የሰማኸውን ጽፈሃል። መጽሐፉ ደግሞ እንዲህ ይጽፈዋል» በይው። «ባላገር» ብሎ የሚስቅ ልጅ ካለ እዚያው አስቁሚው። በገዛ ቤቱ ቋንቋ ያፈረ ልጅ አፉን ይዘጋል። አፉን የዘጋ ልጅ ደግሞ ምን እንደሚሰማ ማወቅ አትችዪም።

የ«ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» እና የ«ሰ»፣ «ሠ» ጉዳይ ግን የጆሮ ጉዳይ አይደለም። ድምፃቸው አንድ ነው። በዓይንና በልምድ የሚያዝ ነው። አንደኛ ክፍል ላይ ለዚህ ብለሽ ልጅ አትቅጪ። ስለ መጥበቅና መላላትም እንደዚያው ቀለል አድርጊው። «ገና ልጅ ነው» እና «ለገና ዶሮ ታረደ» የሚሉትን ልጁ ሲናገር ያውቃቸዋል። ሲያነብ አንዱን ብሎ ካልጣመው «እስቲ ሌላውን ሞክር» በይው፣ በቃ።

62 ልጅ ነው ያልሽኝ። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። በኅብረት ሲሉ ሁሉም የሚያውቅ ይመስላል። ኋላ የተቀመጡት የፊተኞቹን አፍ እያዩ ነው የሚከተሉት። ስለዚህ በቀን አምስት ልጅ ለብቻ ስሚ። መዝገቡን እየተከተልሽ፣ ሌሎቹ ሲጽፉ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ። አንድ ቃል ይነጥሉልሽ፣ አንድ ያጣምሩልሽ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በ13 የትምህርት ቀን ሁሉንም ትሰሚያለሽ። ያልገባቸውን ስምንት ዐሥር ልጆች ለይተሽ በእረፍት ሰዓት ሳይሆን በክፍል ውስጥ አንድ ጥግ ሰብስቢያቸው። እረፍታቸውን አትውሰጂባቸው።

ስትሰሚያቸው ጆሯቸውንም አስተውዪ። መግል የሚወርደው፣ ስትጠሪው ቶሎ የማይዞር፣ ሁልጊዜ «እ?» የሚል ልጅ አለ። እሱን ከፊት አስቀምጪውና ቤተሰቡን ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ንገሪያቸው። ስንቱ ልጅ «አይገባውም» ተብሎ እየደገመ ቀርቷል፤ ችግሩ ግን መስማት ላይ ነበር።

ቤቱ አማርኛ የማይነገርበት ልጅም ይኖርሽ ይሆናል። ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ወረድ ሲባል ኦሮምኛም አርጎብኛም አለ። ለሱ የቃሉን ትርጉም መጀመሪያ አሳዪው። የማያውቀውን ቃል ነጥሎ ማጣመር ለማንም ከባድ ነው።

ስለ መጽሐፉ ብዙ አትጨነቂ። የባዶ ማዳበሪያ ጆንያ ግልብጥ አድርገሽ በማርከር መጻፍ ትችያለሽ፣ ዝናብም አይጎዳውም። የጆሮ ጨዋታው ራሱ መጽሐፍ አይጠይቅም።

ወላጆችን በተመለከተ ከአቡጊዳው ሌላ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አንድ ቀን እንቆቅልሽ የሚያውቁ አንዲት እናት ወይም አንድ አዛውንት ክፍል ጋብዢ። «እንቆቅልህ» ሲሉ ልጆቹ «ምን አውቅልህ» ይላሉ። መጨረሻው ቤት ይመታል። «ቅልህ፣ ውቅልህ» የሚለውን አስደግሚያቸውና «ምኑ ነው የተመሳሰለው?» ብለሽ ጠይቂ። ትልልቆቹ ተማሪዎች የወፍ ቋንቋ እያሉ በየቃሉ መሃል ድምፅ እየሰነቀሩ ሲያወሩ ሰምተሽ ይሆናል። እሱም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ቃል መሰንጠቅና መልሶ መግጠም ከሰፈራችን የጠፋ ነገር አይደለም። ወላጆቹ እዚያው ተቀምጠው ይዩት። ከዚያ አንዱን ልጅ ጥሪና በቆርኪ «ዶሮ» ያንብብላቸው። ልጁ ሲያነብ ካዩ «ጨዋታ ነው» ማለታቸውን ይተዋሉ። አንድ ጊዜ ካልሆነ ሁለተኛ ጥሪያቸው። ልጆቻቸው እንዲማሩ ፈልገው ነው የሚቆጡሽ፤ እንደ ጠላት አትያቸው።

አሁን ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ሰኞ ጠዋት ገበታውን ገልብጪው፣ እንዳያየው። ስለ ፊደል ምንም አትጠይቂው። «እናትህ ማታ ምን ብላ ነው የምትጠራህ?» በይው። «ቤት ግባ» ካለሽ ተመስገን፤ ካላለሽ አንቺ በይው። «‹ቤት› ስትል መጀመሪያ አፏ ላይ የሚሰማው ምንድን ነው?» ይቆይ፣ ያስብ። አንቺ አትመልሺለት፣ ሌሎቹም ዝም ይበሉ። «ቤ» ሲልሽ ያችን አንዲት ፊደል በካርቶን ጽፈሽ እጁ ላይ አስቀምጪለት። ወደ ቤቱ ይዟት ይሂድ። ማክሰኞ ይዟት ሲመጣ «ቤ» የምትጀምርበትን ሌላ ነገር ከቤቱ ፈልጎ ይንገርሽ።

ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ጻፊልኝ።